ነጠላ የለበሰው ቴሌስኮፕህ

ግርማዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለተሸነፍኩልህ ነው።

ሰፈራችን ለቡ ያው ግንባታ ላይ ናት። ፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ አራተኛው ላይ ሲደርስ የደቡቡን ሰማይ ጋረደን። ሌሊት ሌሊት ፎቶ ታነሳው የነበረው ጋላክሲህ ግን በአናታችን ስለሚያልፍ ተረፈ። ልጃችን ሰብለ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ኮምፒውተርህን ከነፎቶዎችህ ወርሳለች።

ከጋላክሲው ጎን ስስ የብርሃን ጭራ አለ ብለህ በእርሳስ ስለህ ስታሳየኝ፣ እድፍ ነው፣ የቴሌስኮፑን መስታወት ጥረግ አልኩህ። ሁለት ቀን አኮረፍከኝ። እውነቱን ሳናውቅ ሄድክ። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ።

ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ መስታወቱን በደንብ ጠርጌ ቴሌስኮፑን ጣሪያው ላይ አወጣሁት። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሲያማርር፣ አንተ ሰማዩ ጨለመልኝ ብለህ ደስ ብሎህ ደረጃውን ትሮጥ ነበር፤ እንዴት አፍርብህ እንደነበር! አሁን የምሮጠው እኔ ነኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ «እናንተ ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው የሚበራው?» ብለው ሳቁብኝ።

የአቧራውን ጥላ ከፎቶው ለማጥፋት፣ ልክ እንዳንተ፣ ጠዋት ላይ የቴሌስኮፑን አፍ በነጠላዬ ሸፍኜ ነጩን ብርሃን አነሳሁ፤ ኮምፒውተሩ በዚያ እየለካ የሌሊቱን ፎቶ ያስተካክላል። የመጀመሪያው ፎቶ ተስተካክሎ ሲወጣ ከጋላክሲው ጎን ሰፊ ብርሃን ታየ። እልል አልኩ። ሰብለ ግን ነጠላውን አገላብጣ አየችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማዬ፣ ጥለቱን እኮ ነው ያገኘሽው!» ለካ ባለ ጥለቱን ጫፍ አፉ ላይ ወጥሬው ኖሯል፤ የጠዋቱን ፎቶ አንድ ጎን ስላጨለመው፣ ኮምፒውተሩ ያንን ለማካካስ የሌሊቱን ፎቶ በዚያ በኩል አብርቶታል።

እንደገና ጀመርኩ። የኔ ፎቶዎች ለብቻቸው ምንም አላሳዩም። ያንተዎቹም ያቺኑ የተጣላንባትን ብዥታ ብቻ አሳዩ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰብለ ያንተንም የኔንም ደካማው ብርሃን ተደማምሮ እንዲጎላ አንድ ላይ ደራረበቻቸው።

ጭራው አለ፣ ግርማ። ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። አንተ በእርሳስ የሳልክበት ቦታ ላይ ነው። እድፍ ነው እንዳልል መስታወቱን የጠረግኩት እኔው ነኝ።

ሳሎን ካንተ ፎቶ አጠገብ ሰቅለነዋል። እንግዳ ሲመጣ ማን እንዳገኘው እነግራለሁ፤ እድፍ ነው ማለቴንም አልደብቅም። መብራት በጠፋ ቁጥርም ስምህን እየጠራሁ ደረጃውን እወጣለሁ። ነጠላው እዚያው የጣሪያው በር ላይ ተሰቅሏል። ጥለቱን ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

አልማዝ