ውርጭ የመታቸው የአልማዝ ተክሎች

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ ፲ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ሌሊት ውርጭ ወርዶ የባለቤቴን የአልማዝን ተክሎች መታብኝ። ቤት ውስጥ ሳስገባቸው ቀይ ቅጠላቸው እየደበዘዘ ስላስቸገረኝ ጓሮ በኩል ባለው በረንዳ ላይ አውጥቼ ጆንያ ደርቤባቸው ነበር። ጧት ስገልጠው ያ ቀይና ወይን ጠጅ ቅጠል ሁሉ እንደተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፎ በተተከለባቸው የዘይት ቆርቆሮዎች ላይ ተንጠልጥሏል። ከቆላው፣ ከአዲ አርቃይ፣ ከእናቷ ደጅ ያመጣቻቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃችንን እናቷ ቤት ልትወልድ ስትወርድ እንኳ «ለእኔ አታስብ፤ እነሱን ጠብቅልኝ» ነበር ያለችኝ። የመውለጃ ወሯ ካለፈ ሰነበተ።

ከሰዓት በኋላ የጭነት ማኪና ሾፌሩ አያ ደስታ ከአዲ አርቃይ የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው መጡ።

«አልማዝ ደኅና ነኝ፣ አትስጋ ብላሃለች» አሉኝ።

«አልወለደችም?»

«ገና ናት። ነገ ተመልሼ እወርዳለሁ። ተክሎቼን ጠይቁልኝ ብላኛለች፤ ምን ልበላት?»

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ቆርቆሮዎቹ ከጓሮ ናቸው፤ አላዩዋቸውም።

«ደኅና ናቸው በሏት» አልኳቸው። በዚህ ሰዓት ሌላ ምን ይባላል?

ከሄዱ ጀምሮ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። እሷም እንደ እኔ «ደኅና ናት በሉት» ብላቸው ቢሆንስ?