ሦስት ጆንያ ፍግ

ለእህቴ ለሀምዲያ፤

አሰላሙ አለይኩም እታለሜ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እናታችንን ጉልበቷ ከመስገጃዋ በደህና ያስነሳታል? ባልሽን ፉርቃንን ያ የበልግ ሳል ለቀቀው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከሐፍረቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ልጅሽ ኢክራ ግን «እማዬ ዓሦቹን በእጄ ፈጀኋቸው እያለች ኩሬውን በአፈር ልትደፍነው ነው» አለችኝ። ይህን ወረቀት ስታነብልሽ አንዲት መስመር እንዳትዘል አደራ፤ ስድቡንም ጭምር።

መጀመሪያ ስለነዚያ ሰዎች ልንገርሽ። ስለ ኩሬሽ የምጠይቅልሽ ቴሌግራም ላይ ካለው የዓሣ አርቢዎች ግሩፕ ነው። አራት ሺህ ሰው አለበት። ኩሬ ያለው በጣት ይቆጠራል፤ የቀረው ዓሣ የሚያውቀው ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ነው። ጠዋት ጠዋት የአበባ ሥዕል ይላላካሉ። አንዱ ምስኪን «ዓሦቼ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጮህ ሠላሳ ሰው አውራ ጣት ይሰጠዋል። ቅዳሜ ደግሞ የቪዲዮ ስብሰባ አለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ «ይሰማል? ይሰማል?» ሲባባሉ ያልቃል። መስማቱስ ይሰማል፤ የጠፋው የሚረባ ነገር የሚናገር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ዶክተር ይገረም የሚሉት ነው። የኩሬሽ ውኃ ጠርቶ ዓሦቹ የሚበሉት አረንጓዴ ሲጠፋ የጠየቅኩት እሱን ነበር። «ሦስት ጆንያ ፍግ በአንድ ጊዜ» ብሎ መለሰልኝ። አንቺ «ኧረ እኔ የማደርገው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ነው፣ ሰማዩም ዳምኗል» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? «ከአራት ሺህ ምሁር አንቺ ትበልጫለሽ?» አፌን በቆረጠው! ሰምተሽኝ ጨመርሽ። ፍጉ ሲበሰብስ የውኃውን አየር ጨረሰባቸውና በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆሮሶ ዓሦችሽ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተገኙ።

ሰውየውን አፈላልጌ አገኘሁት። መሳለሚያ የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ዶክተርነቱ ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ልጆቹ ናቸው ያወጡልኝ» አለኝ፣ ሳያፍር። የፍጉን ነገር ሳነሳበት ደግሞ «ወንድሜ፣ እኔ ምን አውቄ! ሰንጠረዡ ላይ ያለውን ነው የነገርኩህ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ሰንጠረዡ አባላቱ ሁሉ የሚያውቁትን እየጨመሩ በጋራ የሚጽፉበት ነው፤ በየመስመሩ ጎን የጻፈው ሰው ስም አለ። አነበብኩት። ፍግ፦ ሦስት ጆንያ። የጻፈው፦ ሙናዊር፣ ሸራ ተራ።

እኔው ነኝ እታለሜ። አምና ስገባ ባዶ እጄን ላለመታየት አንቺ የነገርሽኝን ጻፍኩ። አንድ ብለሽኝ ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሸራ ስሸጥ የመጀመሪያውን ቁጥር እውነቱን ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ሦስት የሚባለው ገዢው ተከራክሮ አንድ ላይ እንዲያወርደው ነው። ይቀንሱታል ብዬ ሦስት አልኩ። ከአራት ሺህ ሰው አንድም አልተከራከረኝ። እኔም ረሳሁት፤ ዓመት ከርሞ ዶክተር ተብሎ ሲመለስልኝ እጅ ነሥቼ ተቀበልኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ትናንት ገብቼ ሦስቱን አጥፍቼ አንድ አደረግኩት፤ በጎኑም «ሀምዲያ፣ ኩሬ ያላት» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ስከፍተው አንዱ ሁለት አድርጎታል። ማስማማቱ ነው፣ የማይረባ! እንደገና አንድ አልኩት። ነገም እመልሰዋለሁ።

አንቺ ግን ኩሬውን እንዳትደፍኚ። ዓሦቹን የገደለው የእኔ አፍ እንጂ ያንቺ እጅ አይደለም። ሲቆፈር «ውኃ ልታርስ ነው» ብለው የሳቁብሽ ዛሬ ሲደፈን እንዲያዩ አልፈልግም። ኢክራ ከዳር የተረፉ ጥቂት ይዋኛሉ ብላኛለች። ለአረፋ ስመጣ ፍጉን በራሴ ትከሻ እሸከማለሁ፤ ልኩን አንቺ ትነግሪኛለሽ። ከእንግዲህ ከእኔ ቁጥር ቢመጣልሽ እንደ ገበያተኛ ተከራከሪኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ፉርቃን አንዲት ቃል እንኳ አልወቀሰሽም አሉ፤ እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ይህን የሚያደርስልሽ የጎረቤቴ ልጅ ጠይብ ነው፣ ሳይበላ እንዳይመለስ። ኢክራዬ፣ ጉንጭሽን ስሜያለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ አካፋውን ደብቂልኝ።

ወንድምሽ ሙናዊር
ሸራ ተራ፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.