ከእህል ርቄ አምባሰል ወጣሁ

ለውድ እህቴ ለሰሚሃ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እንቅልፍስ በደንብ ትተኛለሽ? የጅዳው ሙቀትስ በረድ አለልሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ እኔማ ከደኅናም በላይ ነኝ። ባለፈው በስልክ ልነግርሽ ስጀምር «ማዳም ጠራችኝ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝምና አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ማዳምሽ ሰው ማረስ ሳይጀምር ይበላው የነበረውን ብቻ ነው የምትበላው፣ ሥጋና አሳ፣ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ እንጂ እህል አይቀርብላትም ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር። ጤፍ ከሞላበት አገር ተቀምጬ ምን ጎድሎብኝ ብዬ። ግን ጉልበቴ ዳገቱ ይቅርና የገበያውን መንገድ እንኳ እምቢ አለኝ። እማዬም አምባሰል ላይ ከወንድማችን ከጠሃ ቤት ሆና «ፈዲላ ረሳችኝ» ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሞላት። እሱ ነው ያንገበገበኝ፤ እስቲ ልሞክረው አልኩ።

እንጀራውንም ዳቦውንም ተውኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ክብደቴ ቅንጣት አልቀነሰም፤ አንቺን ስረግም ከረምኩ። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሺሀረግ በአጥር አሻግራ አየችኝና «አንቺ ሴት፣ ገብስ ከመቼ ወዲህ ነው ፍራፍሬ የሆነው?» አለችኝ። ለካ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው። ወላሂ ትዝም አላለኝ፤ ቆሎን ማን ምግብ ብሎ ቆጥሮት ያውቃል? ጠዋት በሶዬን እጠጣለሁ፣ ከሰዓት ቆሎዬን እቆረጥማለሁ፣ እህል ተውኩ እያልኩ አገር አዳርሻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ቆረጥኩ። ባለቤቴ ሀሚዱ ከሐይቁ አሳ ያመጣል፤ እሱ በእንጀራው፣ እኔ በጎመኔ እንበላለን። መጀመሪያ «ሰርግ ቤት ታዋርጂኛለሽ» ይለኝ ነበር፤ አሁን ለሰው ሁሉ የሚያወራው እሱ ሆኗል። ምሳ በልቼ ወዲያው አልጋ ማየት ቀረ። ሆዴም አይነፋም፣ ቀሚሶቼንም ሁሉ አስጠብቤያለሁ። የደም ግፊቴን ክኒን አላቋረጥኩም፣ አብሽሪ። ሐኪሙም ክብደትሽ ሲቀንስ ጉልበትሽ አረፈ ብሎኛል።

እና ባለፈው እሑድ፣ እህል በተውኩ በአምስተኛው ወር፣ አምባሰልን በእግሬ ወጣሁት። ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ሁለት ሰዓት ዳገት ነው። ጠሃ ሊቀበለኝ ወርዶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፍን፣ አንዱንም እሱ ደክሞት ነው። እማዬ ደጃፍ ላይ ስታየኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ዳበሰችና «በምን ተሸክመው አመጡሽ?» አለች።

ማዕዱ ሲቀርብ ግን ደስታችን ሊበላሽ ነበር። ለእኔ ብላ ድፎ ዳቦ ደፍታ ኖሮ በእጇ ቆርሳ ዘረጋችልኝ። አልበላም ስላት «ሦስት ዓመት የጠበቅኩሽ እጄን ልትጸየፊው ነው?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። አልዋሽሽም፣ እጄ ወደ ዳቦው ሄዶ ነበር። ግን «እማ፣ እዚህ ያደረሰኝ ይህን መተዌ ነው። እንደ ድሮዬ ከሆንኩ ይህን ዳገት ዳግመኛ አልወጣልሽም» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተቀይማ መስሎኝ ልከተላት ስነሣ ሰፊ ሰፊ የጎመን ቅጠል አጥባ ይዛ ገባች። ከማዕዱ የዶሮ ሥጋ አንሥታ በቅጠሉ ጠቀለለችና አጎረሰችኝ፤ አንድ ብላም አልተወችኝ፣ ሦስቱን ሞላችልኝ። ሰሚሃዬ፣ ተራራውን በመውጣቴ ኮርቻለሁ፤ በዚያ ጉርሻ ግን የበለጠ ኮራሁ።

ሀሚዱ ሰላም ብሎሻል፤ ማዳምሽንም አመስግኚልኝ ይላል። የሺሀረግ እንዴት ነሽ ትላለች፤ አሁንም ኪሴን ትፈትሻለች። ጠሃንም ከነቤተሰቡ ናፍቀሽዋል። እማዬም ዱዓ አድርጋልሻለች፤ «ሰሚሃም እህል ትታ ከሆነ ከመምጣቷ በፊት ትንገረኝ፣ ጎመኑን ከአሁኑ ላብዛው» ብላለች።

እህትሽ ፈዲላ
ሐይቅ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.