የዳማ ሰሌዳ ያለበት ድንጋይ

ውድ የልጆቼ አባት፣

የመቃብርህ ድንጋይ አለቀ። በሱ ምክንያት ከወንድምህ ጋር እንዴት እንደተኳረፍን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ ራሴ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ወንድምህ የሚቀረጸውን ጽሑፍ በወረቀት አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። «ደግ፣ ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ለሁሉም አርአያ» ይላል። አነበብኩና «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አልኩት። ልጃችን ሳቋ ሲያመልጣት ወደ ጓዳ ገባች። በዳማ የተሸነፍክ ዕለት እኮ ድምፅህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር።

ምን እንደሚሻል ግን እኔም አላወቅሁም። ስለዚህ በማግስቱ ልጃችንን ይዤ የሌሎቹን ድንጋይ ላነብ ሄድኩ። አብዛኛው ደግና ሩኅሩኅ ነው፤ ክፉ ሰው የት እንደሚቀበር እንጃ። ጥግ ላይ የአንዲት ልብስ ሰፊ ድንጋይ አገኘን። መቀስ ተቀርጾበታል፤ ከሥሩ «ቀጠሮ ታፈርስ ነበር፤ ለሙሽራ ግን አንድም ቀን አልዘገየችም» ይላል። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የአንድ መምህር አለ፦ «እስከ ሰማንያ ዓመቱ በየማለዳው ዋኘ።» የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን ቤታቸው ገብቼ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

ድንጋይ ጠራቢው እዚያው አጥሩ ሥር ነው የሚሠራው። ቅንድቡ ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል። «እናቴ፣ ባለቤትዎ ምን ይወዱ ነበር?» አለኝ።

«ዳማ» አልኩ፤ ሳላስበው። ከዚያ ደነገጥኩ። እኔን አላልኩ፣ ልጆቹን አላልኩ።

እሱ ግን መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እንግዲያው ሰሌዳውን ልቅረጽልዎት። ሰው ሊጫወትበት በሚችል ልክ» አለ። እሺ አልኩ። ከሰሌዳው ሥር ልጃችን «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ሲሸነፍ ያኮርፋል» አስጻፈች።

ወንድምህ ሲሰማ ደሙ ፈላ። «መቃብር ላይ ቁማር? ሰው ምን ይለናል?»

«ዳማ ቁማር አይደለም።»

«ሰሌዳውን አቃጥላለሁ ብለሽ ስትዝቺ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

እውነቱን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ካቻቢቴህን በር ላይ ጥለህ፣ ደረጃው ሥር ከጎረቤታችን ከጡረተኛው ሾፌር ጋር ለዳማ ስትቀመጥ፣ ራትህ ሲቀዘቅዝ፣ እኔ ስነጫነጭ ነው የኖርኩት። ወንድምህ ለሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሳም።

ድንጋዩ የተነጠፈ ዕለት ግን መጣ። ሾፌሩም ቆርኪዎቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ ያንተንም የራሳቸውንም ደርድረው ሲያበቁ ቀና አሉ፤ ፊት ለፊታቸው ማንም የለም። ሁላችንም ጨነቀን። ወንድምህ መሬት መሬት ያያል።

ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ትችያለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ይጀምሩ» አልኳቸው።

ይሄን በሕይወት ሳለህ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። ሽንኩርቱን ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ቆሜ የምከትፈው ብርሃን ፈልጌ አልነበረም። ከዚያ ሆኖ ሰሌዳችሁ በደንብ ይታያል። ስታሸንፍ ብቻዬን ፈገግ እልና፣ ስትገባ ፊቴን አጠቁርብህ ነበር። አስተምረኝ ማለት አፍሬ ነው መሰለኝ። እያደር ደግሞ ኩርፊያው ልማድ ሆነብኝ።

ሾፌሩን አሸነፍኳቸው። መጨረሻ ላይ ሦስት ቆርኪ በአንድ ዝላይ ስበላባቸው ጠራቢው መሣሪያውን ጥሎ ሊያይ መጣ። ወንድምህም ቀስ እያለ ተጠጋና ኮቱን አወለቀ። «ይነሱልኝማ፣ እኔ ልግጠማት።»

እሱንም ሁለቴ አሸነፍኩት። አኮረፈ፤ ይሄስ የቤተሰብ ነው። ለእሁድ ግን ራሱ ቀጠረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፦ አንተን ሳልገጥምህ መቅረቴ። አሸንፋት ነበር ብለህ ግን እንዳታስብ።

ሚስትህ