ልኩን ያለፈ ብሎን፦ የአቶ ደምመላሽ ተክለማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ደምመላሽ ከአባታቸው ከባላምባራስ ተክለማርያም ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተኢየሱስ ገብሬ በመጋቢት ወር 1919 ዓ.ም. ጎባ ከተማ ተወለዱ። በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ደግመው፣ ጠላት ሲወጣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቀጠሉ። በ1942 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የሞተር ጥገና ሠልጥነው ተመለሱ። በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዳቢሴ ረጋሳ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጣይቱንና ባዳሳን ወልደዋል።

ቁጡ ሰው ነበሩ። ከእናንተ መካከል ያልተቆጡት ስለሌለ ብንሸሽገው ማንም አያምነንም። ብሎን ያለ ልኩ ሲጠብቅ ካዩ የቀረበላቸውን ምሳ ትተው ይነሡ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ወደ ገጠር በሞተር ሳይክል መድኃኒት በሚያደርስ አንድ መሥሪያ ቤት የጥገና ኃላፊ ሆኑ። እዚያ አንድ ቶርክ ቁልፍ ነበር፤ ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ነው። ለእያንዳንዱ ብሎን የተወሰነውን ልክ መያዣው ላይ ይሞላሉ። የብሎኑን ጥርስ ከአፈርና ከዘይት ያጸዳሉ። የቴስታታ፣ ማለት የሞተሩ ራስ ክዳን፣ ብሎኖች ከሆኑ ፊት ለፊት እያፈራረቁ፣ ደረጃ በደረጃ ያጠብቃሉ። ሳይነጥቁ በዝግታ ይስባሉ፤ «ቀጭ» ሲል እጃቸውን ያነሣሉ። ነጂዎቹን፣ «ገኤ፤ በቃ። ከዚህ በላይ ጉልበት ሳይሆን ጥጋብ ነው» ይሏቸው ነበር። ሥራው ሲያልቅ መለኪያውን ወደ ታች መልሰው ያስቀምጡታል። በዚያ ቁልፍ የጠበቀ ብሎን ለመፍታት ግን፣ መለኪያው ይበላሻል ብለው ማንንም አያስነኩም ነበር።

አንድ ቀን አጋርፋ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ በዚያው ቁልፍ የዛገ የካሚዮን ጎማ ዳዶ ሲያስፈቱ ደረሱ። የአለቃውን ስም በአስከሬን ፊት አናነሣም። ደምመላሽ ቁልፉ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመረመር ማንም እንዳይሠራበት ለመኑ። አለቃው፣ «ብረት ነው፤ ምን ይሆናል?» ብለው መለሷቸው። በተበላሸ ቁልፍ አልሠራም ሲሉ ጥገናው ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። ቁልፉ «ቀጭ» አልል ሲል፣ ጉልበት እንዲጨምር መያዣው ላይ ቱቦ ተቀጥሎ የሁንዴ ሙለታ ሞተር የፊት ጎማ ብሎኖች እንዲጠብቁ ተደረገ።

ሁንዴ የሮቤ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ነጂ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ለጊኒር መድኃኒት ይዞ ሲሄድ ቁልቁለት ላይ ብሎኖቹ ተበጥሰው የፊት ጎማው ወጣ። አስከሬኑን ነጋዴዎች በበቅሎ ጭነው አመጡት። መሥሪያ ቤቱ፣ በፍጥነት ነድቶ ነው የሞተው አለ።

ደምመላሽ የተበጠሰውን ብሎን ይዘው ስብሰባ ገቡ። «አንገቱን እዩት፤ ከልኩ በላይ ጠብቆ፣ ተስቦ ቀጥኗል። ሁንዴን የገደለው ፍጥነት አይደለም፤ ይህ ቤት ነው» አሉ።

አለቃው፣ «የሞተው ሞቷል፤ ሥራችንን እንቀጥል» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ደምመላሽ ያን ዕለት ሥራቸውን ለቀቁ። ሮቤ ገበያ አጠገብ የራሳቸውን ጋራዥ ከፍተው ሕመም እስኪጥላቸው ድረስ ሠሩ። ስለ ሁንዴ ያልጻፉለት ባለሥልጣን፣ ያልቆሙበት ደጅ አልነበረም። የሰማቸው አልተገኘም።

በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሳሉ የንስሐ አባታቸው ይቅር እንዲሉ ጠየቋቸው። «እኔን የበደሉኝን ይቅር ብያለሁ፤ የሁንዴን ግን እናቱን ይጠይቁ» አሉ። ኅዳር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኛ እኅት ወንድሞቻቸው ቀርተናል።

አለቃው ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልከዋል፤ ቤተሰቡ መልሶታል። የሁንዴ እናት ወይዘሮ ሰንበቴ በመካከላችን ቆመዋል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ቤታቸው ሮቤ ነው፤ የሚሄድ ካለ መንገዱ ይታወቃል።

የእውነት አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ እቅፍ ያሳርፍልን፤ የሁንዴንም ነፍስ ከጎናቸው። አሜን።