ቀኑን ያልሳቱት የአቶ ሽታሁን የኔሰው የሕይወት ታሪክ

አቶ ሽታሁን የኔሰው ከአባታቸው ከአቶ የኔሰው ይግዛውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቄ ታዘበው ጥር 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በጎጃም፣ በቢቸና አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከፊደል እስከ ዳዊት በደብራቸው ተምረው ቅኔ ቤት ገቡ። ቅኔው እምብዛም አልያዘላቸውም፤ ይህን ራሳቸውም አይደብቁትም ነበር። የያዘላቸው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የዘመን ቀመር ነው። ኋላም በቢቸና ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለዋል።

በ1976 ዓ.ም. በመጋዘን ጠባቂነት ሥራ ጀመሩ። በ1981 ዓ.ም. ከሞጣዋ ተወላጅ ከወይዘሮ ባንቺዓለም ፋንታ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄለንን፣ ሊድያንና ይስማውን ወለዱ። የገበሬዎች ዩኒየኑ ሲቋቋም ደግሞ የመጋዘን ኃላፊ ሆኑ።

በዚያ ዘመን እህል ለማስረከብ የሚመጣ ገበሬ በር ላይ ሦስትና አራት ቀን ያድር ነበር። ሁሉም ባንድ ቀን ይጎርፋል፤ በማግስቱ ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ ይውላል። አለቆቹ ሌላ መጋዘን ይሠራ አሉ። ሽታሁን ግን የጎደለን ቤት ሳይሆን አሠራር ነው ብለው፣ ወር ሙሉ በር ላይ ቆመው ማን መቼ እንደሚመጣ መዘገቡ። ከዚያም ለየቀበሌው ቀን ሰጡ፤ ቀኑም የየደብሩ ታቦት ወርኃዊ በዓል ነው። በዚያ ቀን ገበሬ በሬ አይጠምድም፣ አውድማ አይወርድም። አስቀድሶ አህያውን ጭኖ ቢመጣ ከሥራው የሚያጎድለው የለም። በዓል አሻሩ እንዳይባሉ ካህናቱን አስቀድመው አማከሩ፤ ካህናቱም ገበያም በበዓል ይውላል ብለው ፈቀዱላቸው። መግቢያና መውጫውንም ለዩ። ጠዋት የመጣ ገበሬ ከሰዓት ቤቱ ገባ፣ የጭነት መኪናም ቆሞ ማደሩ ቀረ። ይህን ያደረጉት በአንድ ደብተርና በአንድ እርሳስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ዩኒየኑ ኮምፒውተር አስገባ። ሽታሁን ቴክኖሎጂ ይጠላሉ የተባለው ነጭ ውሸት ነው። ለገበሬው ቀኑ በስልክ መልእክት ይነገረው ብለው ያመለከቱት እሳቸው ናቸው፤ ደብተራቸውንም በገዛ እጃቸው ለባለሙያዎቹ ሰጡ። ባለሙያዎቹ በዓላቱን በሙሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገልብጠው አስገቧቸው። ያ ዓመት ግን ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ሆና በዓላቱን ከፈረንጁ ቀን በአንድ ቀን ገፋቻቸው። ስለዚህ በ2012 እስከ የካቲት ድረስ ማሽኑ ገበሬውን ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ እንደሚጠራው ሽታሁን መስከረም 8 ቀን በደብዳቤ አሳወቁ። ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ገባ። ያነበበው የለም። የቄስ ተማሪ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል ተብሎ ተሳቀባቸው።

ርክክቡ በጥር መጨረሻ ተከፈተ። የመድኃኔ ዓለም ደብር ያላቸው ሦስት ቀበሌዎች ለ26 ተጠሩ። ገበሬው መልእክቱን የዋዜማ ማስታወሻ ነው ብሎ፣ እንደ ወትሮው በ27 አስቀድሶ መጣ። ቀናችሁ ትናንት አለፈ ተባለ። ሽታሁን ክፈቱላቸው ብለው ለመኑ፤ ሚዛኑ ያለ ኮምፒውተሩ አይከፈትም ተባሉ። ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ የበጋ ዝናብ ወረደ፤ የሦስት ቀበሌ ስንዴ አጥር ሥር በሰበሰ። ወይዘሮ ሀብትነሽ የተባሉ እናት የዓመት ልፋታቸው ላይ ቆመው አለቀሱ። ቀን አውጪው ሽታሁን መሆናቸውን ያውቁ ነበርና የረገሙት እሳቸውን ነው። ወንድሜ ሽታሁን ያንን እርግማን እስኪሞቱ አልረሱትም።

አራት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቀምጦ፣ ስህተቱ ከአቶ ሽታሁን ደብተር የመጣ ነው የሚል ቃለ ጉባኤ ፈረመ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው! ወደ ሞጣ ቅርንጫፍ ተዛውረው፣ በአማቾቻቸው ከተማ፣ እስከ ጡረታቸው እስከ 2014 ዓ.ም. ባዶ ጆንያ ሲያስቆጥሩ ኖሩ። በማግሥቱ ዓመት ማሽኑ በዚያው በመስከረሙ ደብዳቤ መሠረት ታረመ። ተወስዶም ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፤ የአሠራር ፈጠራ ተብሎ ዋንጫ ተሸለመ። የሽታሁን ስም አልተነሳም። እሳቸው ዋንጫ አልፈለጉም። የፈለጉት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም የምትል አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ለወይዘሮ ሀብትነሽ ሊያሳዩአት። ዘጠኝ ጊዜ አመለከቱ፤ ዘጠኝ ጊዜም በሂደት ላይ ነው ተባሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ይዘዋቸው በተመለሱ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ወረቀቷ መጣች ወይ የሚል ነበር። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍሁትን ታናሽ እህታቸውን ሥርጉትን ትተው ሄደዋል።

ዩኒየኑ ዛሬ የአበባ ጉንጉን ልኳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አበባው ከቅጥሩ ውጭ እንዲቀመጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ባንቺዓለምን አትቀየሟት። ቃለ ጉባኤውን ከፈረሙት ከአራቱ ሁለቱ እዚህ ቆመዋል። ቀብር ነውና ስማችሁን አልጠራም። ወይዘሮ ሀብትነሽም ርቀው ሳይቀሩ መጥተዋል፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ዘመንን በልክ የሚያፈራርቅ መድኃኔ ዓለም የወንድማችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለባንቺዓለምና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥልን። ንባቡ እዚህ ላይ ያበቃል። ቃለ ጉባኤውን ከፈረማችሁት ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሽታሁን አልተሳሳቱም ለማለት ብትፈልጉ፣ ካህናቱ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ሊታገሡን ፈቅደዋል። ቆመን እየጠበቅን ነው።