ተቀባይ ያጣ ጊታር

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም በደጅሽም በጓዳሽም ይሁን። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ብርዱ ሲገባ ይነሣብሻል ብዬ እሰጋለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ጽፌ አገር ቤት በምትመጣው በስሂን እጅ የላክሁልሽ፣ በስልክ ሲሆን ድምፄን ሰምተሽ ብዙ ስለምትጠይቂኝ ነው። አማችሽ ፍሬአብ ስልኬን አያነሣም ብለሽኝ ነበር። ሥራው ሄርንደን የምትባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ስለሆነ ወደዚያው ጠጋ ብሏል፤ አትቀየሚው።

እኔ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚሁ አሜሪካ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እየተመላለስኩ አንድ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። ሴኞር አኒባል ይባላሉ፤ አገራቸው ኡራጓይ ነው፣ ከሰው ከብት የሚበዛበት። እዚያ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበሩ። ወታደሮቹ ሥልጣን ይዘው ብዙ ደራሲ ሲታሰርና ሲሰደድ፣ እሳቸውም ከማስተማር ተባረሩና ወጡ።

በቅርቡ አንድ የድሮ ጓደኛቸው እዚያው አገራቸው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ምግብ መግፋት፣ ዝም ማለት ሆነ። በርክ ከሚባል ሰፈር እየመጣች የምትጠይቃቸው ልጃቸው ግራሲዬላ፣ እንዲህ ከቀጠሉ የአረጋውያን ማቆያ ማስገባቴ ነው ብላ አልቅሳብኛለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጊታራቸውን አውርጂልኝ አሉኝ። ጥቂት ዘፍነው አቆሙና ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ግራ ሲገባኝ ልትጠይቃቸው መጥታ የነበረችው ግራሲዬላ አስረዳችኝ። በአገራቸው ሁለት ገጣሚዎች ጊታር ይዘው፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። መጽሐፍ ሳይበዛ የከብት ጠባቂዎቹ ሥነ ጽሑፍ ይኸው ነበር አለችኝ። ሟቹ ጓደኛቸው በስልክ ሲመልስላቸው የኖረ ነው። አሁን ተቀባይ የለም።

ስፓኒሽ አልችልም። ግን በየሰርጉ አንቺን እየተቀበልኩ አድጌ የለ? ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በአማርኛ መለስኩላቸው፦

ቁልፉን ጥሎ ሄደ በሩ ላይ አኑሮ፣
ማን ያንኳኳል ብዬ ልጠብቅ ዘንድሮ።

ድንገት አፌ ላይ የመጣ ነው፣ እናቴ፤ እንደ ግጥም ብቻ ውሰጂው። አማርኛ የሚሰማ ሰው ስላልነበረ ቀጠልኩ። እሳቸው ሲጠይቁ እኔ ስመልስ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን እዚያ ተናገርኩት። ስንጨርስ ሾርባቸውን አስመጥተው ጠጡ። ግራሲዬላ ገብቶህ ነው ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣

"ቃሉን አላውቀውም፤ ግን አልዋሸችም" አሏት።

ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን መልሼ ሳጥብ ቆየሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንቀባበላለን፤ የማቆያው ነገርም ለጊዜው ቀርቷል። በሌላው ቀን ግን ቤቴ ስገባ የምናገረው ሰው የለም። ቴሌቪዥኑን ለድምፁ ብዬ እከፍተዋለሁ።

ስሂን ስትመለስ በርበሬ እልክልሻለሁ ብለሽኝ ነበር። እንደ ወትሮው አብዝተሽ አትድከሚ። የአንድ ሰው ድስት ምን ያህል ይፈጃል?

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ስትጸልዪ አትርሺኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ